ፔዳሎቼን ሳስገባ ጊታሬ ለምን ይርቃል? ስለ ክሊን ሪትምና ስለ ፔዳል ቅደም ተከተል

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? በአንድ ባንድ ውስጥ ሪትም ጊታር እመታለሁ፤ ሐሙስና ቅዳሜ ማታ ሆቴል፣ እሁድ እሁድ ሰርግ አለን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ኮምፕሬሰር፣ ኮረስ፣ ዲሌይ፣ ሪቨርብና ኦቨርድራይቭ ፔዳል ላከችልኝ። ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ስሰካ ድምፄ ጥርት ይላል። ፔዳሎቹን ሳስገባ ግን ጊታሩ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። መምታት ሳቆም ደግሞ ሽሽታ እያደገ ይመጣል፤ እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ድምፅም አለ። የሰካኋቸው ከጊታሩ ጀምሮ ዲሌይ፣ ሪቨርብ፣ ኮረስ፣ ኦቨርድራይቭ፣ መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሰር አድርጌ ነው፤ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ አዳፕተር ነው። ሰርግ ላይ አምፕ ስለሌለ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ እሰካለሁ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው? ዋዋስ ብጨምር ይሻላል?»

ወንድሜ፣ በዝርዝር ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ድምፄ አልጥም አለኝ» ብሎ ብቻ ይተወዋል። አንተ ግን «መምታት ሳቆም እያደገ ይመጣል» ብለሃል። ቅደም ተከተሉን ባትነግረኝ እንኳ ከዚህች ቃል ብቻ ኮምፕሬሰሩ ከኋላ መቀመጡን እገምት ነበር።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ፦ ከጊታሩ ተነስተህ ኮምፕሬሰር (ጮክና ዝቅ ያለውን የሚያቀራርበው)፣ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክረው)፣ ኮረስ (የሚያወዛውዘው)፣ ዲሌይ (የሚደግመው)፣ ሪቨርብ (የሚያስተጋባው)፣ ከዚያ አምፕ። አሁን ያለህን ከሞላ ጎደል መገልበጥ ነው። ሽሽታውና የጎረቤት ቤቱ ነገር በዚህ ይስተካከላል። ትንኟ ግን እዚያው ትቆያለች፤ እሷ የመብራት ጉዳይ ናት። የሰርጉ ችግር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። እንግዲህ ረዘም ይላልና ቡና ይዘህ ተቀመጥ።

ከኮምፕሬሰሩ ልጀምር፣ ጥፋቱ ከዚያ ስለሚነሳ። ኮምፕሬሰር ማለት ጣቱን ፌደሩ ላይ አድርጎ የሚጠብቅህ የማይደክም ሳውንድማን ነው። ጠንከር አድርገህ ስትመታ ዝቅ ያደርግሃል፣ ስትለዝብ ይለቅቅሃል፤ በዚያ ላይ ጠቅላላውን ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። ይህ ሳውንድማን ታዲያ ጊታርን ከሽሽታ ለይቶ አያውቅም። የመጣለትን ሁሉ ነው የሚያስተካክለው። አንተ መጨረሻ ላይ ስላስቀመጥከው የዲሌዩ ድግግሞሽ፣ የሪቨርቡ ጅራት፣ የኦቨርድራይቩ ሽሽታ ሁሉ ተጠራቅሞ እሱ ዘንድ ይደርሳል። እየመታህ ሳለህ ጊታርህ ጮክ ስለሚል ሁሉንም አፍኖ ይይዛል። እጅህን ስታነሳ «ልጁ ደከመ» ብሎ ይለቅቃል። 10 ዴሲቤል ጨቁኖ ከነበረ ሽሽታው በ10 ዴሲቤል ያድጋል። የሰማኸው እሱን ነው።

የርቀቱም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። ጆሯችን አንድ ድምፅ ቅርብ ይሁን ሩቅ የሚያውቀው በቀጥታ የሚመጣውን ከግድግዳ ተመልሶ ከሚመጣው ጋር እያነጻጸረ ነው። ቅርብ ያለ ሰው ሲናገር የአፉ ድምፅ ይበዛል፤ ከሩቅ ሲሆን የክፍሉ ማስተጋባት ይበዛል። ኮምፕሬሰርህ የፒኩን ምት (ቀጥታውን) ይጫነዋል፣ የሪቨርቡን ጅራት ያነሳዋል። ጆሮህም «ይሄ ሰው ሌላ ክፍል ነው ያለው» ብሎ ይፈርዳል። ኮምፕሬሰሩን ከፊት ስታደርገው የሚያነሳው ጊታሩንና የፒክአፑን (የገመዱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) ትንሽ እምታ ብቻ ይሆናል፤ ሪቨርቡ ከኋላው ስላለ በራሱ መጠን ይቀራል።

ኦቨርድራይቩ ከኮረስና ከዲሌይ በፊት የሚመጣበት ምክንያትም ቅርብ ነው። ኦቨርድራይቭ ብዙ ሲመጣበት ይሻክራል። አንድ ኮርድ ቢደርሰው አንድ ኮርድ ያሻክራል። ዲሌይ ቀድሞት ከሆነ ግን የአሁኑ ኮርድ፣ ያለፈው ኮርድና ከዚያ በፊት የነበረው በአንድ ላይ ይገቡበታል፤ እሱም አንድ ላይ ያቦካቸዋል። ሪቨርብን ከዲሌይ በፊት ብታደርግም ጭጋጉ ራሱ ይደጋገማል። ይህ ሕግ አይደለም፤ ሆን ብለው ሪቨርብን ኦቨርድራይቭ ውስጥ እየከተቱ ትልቅ የድምፅ ግድግዳ የሚሠሩ የውጭ ባንዶች አሉ፣ ደስም ይላል። ሰርግ ላይ ለሚጨፍር ሰው ግን የሚያስፈልገው የእጅህ ምት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ፔዳሎቹን በአዲሱ ቅደም ተከተል ሰክተህ ሁሉንም አጥፋ። የጊታርህን ቮልዩም አስር ላይ አታድርገው፤ ስምንት ላይ አቁመው፣ በመሃል ከፍ ማለት ስትፈልግ ቦታ እንዲኖርህ። አምፑን በጊታሩ ብቻ አስተካክል። ጥርት ያለ ድምፅ ማግኘትህን ስታረጋግጥ አንድ ፔዳል አብራ፣ አጥፋ፣ አብራ፣ አጥፋ። ሲበራም ሲጠፋም ጩኸቱ እኩል እስኪሆን ድረስ የዚያን ፔዳል የሌቭል ማዞሪያ አስተካክል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ማንም መሥራት አይፈልግም። እኔ ጋ «ፔዳሌ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው የሚስተካከለው በዚህ ነው። ሰው ፔዳሉን ሲያበራ ከፍ ካለለት «ጣፈጠ»፣ ዝቅ ካለበት «ሞተ» ይላል። እኩል ስታደርገው ነው ፔዳሉ ራሱ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚወስድ የሚሰማህ።

ኮምፕሬሰሩን ለአገራችን ሪትም እንዴት ማስተካከል እንዳለብህ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ከመመሪያው ወረቀት ላይ አታገኘውም። ችክችካ ላይ የሪትም ጊታር ሥራ ከከበሮው ጋር መቆራረጥ ነው። የፒኩ የመጀመሪያዋ «ቸክ» ከታፈነች ጊታሩ ኪቦርድ ይሆናል። ፔዳልህ የአታክ ማዞሪያ (ከምቱ በኋላ ምን ያህል ቆይቶ መጨቆን እንደሚጀምር የሚወስነው) ካለው 20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ እንዲዘገይ አድርገው፤ ያቺ ምት ሳትነካ ታልፍና ከኋላዋ ያለውን ብቻ ይይዛል። ሬሾ (ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨቁን የሚወስነው) ካለው ከ3 ለ1 እስከ 4 ለ1 በቂ ነው። የሚጨቁነውን የሚያሳይ መብራት ካለው በጠንካራ ምትህ ላይ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ያሳይህ። ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ (ኤምኤክስአር ዳይና ኮምፕ የዚህ ዓይነት ነው) አታኩ ከፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ያለህ ምርጫ ሴንሲቲቪቲውን ሩብ አካባቢ ማስቀመጥ ነው። ግማሽ ካለፈ ምቱን ይበላል። ሪሊዙ ከቀጣዩ ምት በፊት መልቀቅ አለበት፤ ካልለቀቀ ሁለተኛው ምት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል፣ አንተ ደግሞ እጅህ የደከመ ይመስልሃል።

ለናሙና ጆሮህን ማሠልጠን ከፈለግህ የአይቤክስንና የሮሃ ባንድን ቅጂዎች፣ ሰላም ስዩም ጊታር የያዘባቸውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማ። ዘፋኙን ትተህ ጊታሩን ብቻ ተከተለው። የት ዝም እንደሚል ቁጠር።

ኦቨርድራይቩን ለክሊን፣ ላልሻከረው ጥርት ያለ ድምፅ፣ ምን ልሥራበት ትል ይሆናል። ድራይቩን ወደ ዜሮ፣ ሌቭሉን ከግማሽ በላይ አድርገው፤ ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ ስላለ ጣልቃ ለምትገባባት አጭር ሶሎ ከፍ ማድረጊያ ይሆንሃል። ከኮምፕሬሰሩ በፊት ብታስቀምጠው ግን ያ ሳውንድማን ከፍ ያልከውን መልሶ ይጫነዋል፤ «ረገጥኩት ግን አልጮኸም» የሚባለው ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። ፔዳልህ የቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ከሆነ 700 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መሃለኛ ድምፅ እንደሚያጎላና ታችኛውን ቤዝ እንደሚቀንስ እወቅ። ለሶሎ ጥሩ ነው። ለሪትም ግን ያ ቦታ የዘፋኙ ነው፣ ስለዚህ ሶሎህን ስትጨርስ ማጥፋትህን አትርሳ።

ኮረስን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርህ፦ ሰው አብዝቶ ይጠቀምበታል። ቦስ የመጀመሪያውን የኮረስ ፔዳል፣ ሲኢ 1ን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ የኤሌክትሪክ ዑደቱን የወሰደው ከአንድ ዓመት በፊት ከወጣው ከሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 አምፕ ነበር። የዚያ አምፕ ምስጢር አንዱ ስፒከር ደረቁን ድምፅ፣ ሌላው የሚወዛወዘውን ማውጣቱ ነው፤ ሁለቱ የሚደባለቁት አየር ላይ ነው። (የሆቴልህ አምፕ እሱ ከሆነና ሳውንድማኑ ማይኩን አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ካስቀመጠ ግማሹ ድምፅህ ለሕዝቡ አይደርስም። ጠይቀው።) ፔዳል ላይ ግን ደረቁና የሚወዛወዘው በአንድ ሽቦ ውስጥ ይደባለቃሉ፣ ስለዚህ ውዝዋዜው በርትቶ ይሰማል። ኮረስ ድምፁን በጥቂቱ ከቅኝቱ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚሠራ ነገር ነው። ባንዳችሁ ውስጥ ማሲንቆ ካለ ወይም ዘፋኛችሁ ድምፁን እያንሸራተተ የሚያስጌጥ ከሆነ፣ የእሱ ማጌጫና የአንተ ኮረስ እየተጋጩ ጊታሩ ያልተቃኘ ይመስላል። ሬቱን (የውዝዋዜውን ፍጥነት) ዝግ አድርገህ፣ ዴፕዙን (የውዝዋዜውን ጥልቀት) ሩብ ላይ አቁመው። ሲጠፋ ብቻ «ምን ጎደለ?» የሚያሰኝ ከሆነ ልክ ነው። ችክችካ ላይ አጥፋው።

ዲሌይ ላይ ደግሞ ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሳሳቱበት ስሌት አለ። ዲሌይ ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር እንዲሄድ 60,000ን በደቂቃው የምት ብዛት ታካፍላለህ። እግርህ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ከሆነ በአንዱ ምት መካከል 500 ሚሊ ሰከንድ አለ። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ያየውን «ነጥብ ያለው ስምንተኛ» የሚሉትን ይመርጣል፤ ይህ የምቱ ሦስት አራተኛ ነው፣ 375 ሚሊ ሰከንድ። ለአራት ምት ዘፈን ድንቅ ነው። የእኛ ችክችካ ግን 6/8 ነው፤ እያንዳንዱ የእግር ምት ውስጡ ለሦስት ይከፈላል። ክፍልፋዮቹ 167 እና 333 ላይ ናቸው። 375 ላይ የሚመጣ ድግግሞሽ ከሦስተኛዋ ክፍልፋይ 42 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ ከበሮ መቺው «ማነው የሚያዘገየኝ?» እያለ የሚዞርበት ልዩነት ነው። አንድ ጊዜ በልምምድ ላይ ቤዝ ተጫዋቹን ስንወቅስ ቆይተን ጥፋተኛው የእኔ ዲሌይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

መፍትሔው ፔዳልህ ላይ የትሪፕሌት (ምቱን ለሦስት የሚከፍል) ምርጫ ካለ እሱን መጠቀም ነው። ከሌለው ምቱን በሦስት አካፍለህ በሁለት አባዛና በማዞሪያው አስገባ፦ ለ120 ምት 333፣ ለ100 ምት 400፣ ለ132 ምት 303። ማዞሪያው ቁጥር የማያሳይ ከሆነ አንድ ሙት ኮርድ (ገመዶቹን በግራ እጅህ አፍነህ) እየመታህ ድግግሞሹ ከሃይሃቱ ሦስተኛ ምት ጋር እስኪገጥም አዙረው። ድግግሞሹ ከአንድ ወይም ከሁለት አይብለጥ፤ የዲሌዩም ሌቭል ከጊታሩ በጣም ዝቅ ይበል። የምትቆራርጥበት ዘፈን ላይ ዲሌይ ጨርሶ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ በዝግታ ጣት በጣት በምትነካካበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅኝት አንድ ነገር ላንሳ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መመሪያዎች ላይ አላየሁትምና። ዲሌይና ሪቨርብ ያለፈውን ድምፅ ከአሁኑ ጋር ያስተኛሉ። ስለዚህ ምን ያህል ማስረዘም እንደምትችል የሚወስነው ቅኝቱ ውስጥ ያሉት ድምፆች አብረው ሲተኙ መስማማታቸው ነው። ትዝታ ሜጀርን ውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ውስጡ አንድም ግማሽ ድምፅ የለም። አምስቱንም ባንድ ላይ ብትጫናቸው እንኳ አይጣሉም። ለዚህ ነው ትዝታ ላይ ረጅም ሪቨርብ ሁልጊዜ የሚያምረው። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ዶና ሬ ፍላት በግማሽ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፣ ፋና ሶል ፍላትም እንደዚሁ። ተከታትለው ሲመጡ ያ ነው የአንቺሆዬ ውበት፤ በሪቨርብ ጅራት ውስጥ አብረው ሲተኙ ግን ይፋጫሉ። አምባሰልም በዶና በሬ ፍላት፣ በሶልና በላ ፍላት መካከል ይኸው ጠባይ አለው። እኔ ለትዝታ የማስረዝመውን ሪቨርብ አንቺሆዬ ሲመጣ ቢያንስ በግማሽ አሳጥረዋለሁ፣ ዲሌዩን አጠፋለሁ። አንድ ማዞሪያ መንካት ነው። ዘፈኖቹ በሚለዋወጡበት መካከል ጎንበስ ለማለት ጊዜ ካጣህ ለአንቺሆዬ በሚስማማው አስተካክለህ ትዝታውንም በእሱ ተጫወት፤ ትዝታ ይታገሣል።

ሪቨርብን ቤትህ ውስጥ አስተካክለህ እንዳትጨርስ። መኝታ ቤት ምንጣፉና ልብሱ ድምፁን ስለሚውጠው ሪቨርብ ትጨምራለህ። ሰርጉ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ የሲሚንቶው ግድግዳና መስታወቱ የራሳቸው ሪቨርብ አላቸው፤ የአንተን አጥፋ ወይም በጣም ቀንስ። ድንኳን ከሆነ ሸራው ብዙም አይመልስም፣ እዚያ ትንሽ ብታክል ያምርብሃል። ሰው ሲገባ አዳራሹ ደግሞ ይደርቃል፣ ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ላይ ሳውንድ ቼክ ስታደርግ «ትንሽ በዛ» የሚመስለው በኋላ ልክ ሊሆን ይችላል።

ወደ ትንኟ እንሂድ። አንድ አዳፕተር ከነቅርንጫፍ ሽቦው ለአምስት ፔዳል ስትጠቀም ሁሉም አንድ መሬት ሽቦ ይጋራሉ። ዲሌይህና ሪቨርብህ ዲጂታል ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ በየሰከንዱ እጅግ ብዙ ጊዜ እየበራና እየጠፋ ይሠራል፣ የዚያ ቅሪት በሚጋሩት ሽቦ አድርጎ ኮምፕሬሰሩና ኦቨርድራይቩ ውስጥ ይገባል። እነሱ ደግሞ ያጎሉታል። ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አለ፦ ኮምፕሬሰሩን ከአዳፕተሩ ነቅለህ በ9 ቮልት ባትሪ አስነሳው። ትንኟ ከጠፋች ወይም ከቀነሰች ነገሩ ተረጋገጠ። ኮምፕሬሰርና ኦቨርድራይቭ አናሎግ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሚሊ አምፔር በታች ስለሚወስዱ ባትሪ ላይ ጥሩ ይቆያሉ። ዲጂታሎቹ ከ50 እስከ 100፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ እነሱን በባትሪ ማስነሳት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ለጊዜው አናሎጎቹን በባትሪ፣ ዲጂታሎቹን በአዳፕተር ማድረግ ትችላለህ። ዘላቂው መፍትሔ ግን እያንዳንዱ መውጫ ከሌላው የተለየ፣ አይሶሌትድ የሚባለው የፔዳል ፓወር ሰፕላይ ነው። ስትገዛ «አይሶሌትድ» የሚለውን ቃል ፈልግ፤ ስምንት መውጫ ስላለው ብቻ ሁሉም የተለያየ አይደለም። የፔዳሎችህን ሚሊ አምፔር ደምረህ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ውሰድ።

እህትህ አዳፕተሩንም ከአሜሪካ ልካልህ ከሆነ አሁኑኑ ገልብጠህ እየው። ኢንፑት በሚለው ጎን 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ ግድግዳ 220 ስለሆነ አትሰካው። እኔ አንድ ዘመድ ያመጣልኝን ሳላይ ሰክቼ ሽታው እስከ ማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ፔዳሉ መትረፉ የእግዜር ነው። አውትፑቱም ላይ 9 ቮልት ዲሲ መሆኑን፣ የጫፉ መሃል ነጋቲቭ መሆኑን እይ። ብዙዎቹ ፔዳሎች በዚህ ነው የሚሠሩት፤ የኪቦርድ አዳፕተር ግን መሃሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ «ጫፉ ገባ» ማለት «ልክ ነው» ማለት አይደለም።

ከትንኟ ሌላ ወፈር ያለ «እምምም» የሚል ከሰማህ እሱ ከመብራቱ 50 ኸርዝ የሚመጣ ነው። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ ከሆነ ጊታርህን ይዘህ ትንሽ ስትዞር ከቀነሰ ከአየር ነው የሚገባው፤ ከመድረክ መብራቱ ዲመርና ከትራንስፎርመር ራቅ በል። ስትዞር ካልተለወጠ አምፑና ሚክሰሩ ከሁለት የተለያየ ሶኬት መሬት እየወሰዱ ይሆናል፤ ከአንድ ማከፋፈያ አስነሷቸው። አንዳንድ ሰው የሦስተኛውን እግር፣ የመሬቱን፣ ይቆርጣል። እጅህ ገመዱ ላይ፣ ከንፈርህ ማይክ ላይ ሆኖ ሕይወትህ ያለው በዚያች ሽቦ ነው። እንዳትነካት።

አሁን ሰርጉ። ጊታር በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው የኢምፒዳንስ (መግቢያው ለሚመጣለት ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ጉዳይ ነው፦ ፒክአፕ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፣ የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ በአሥር ኪሎ ኦሞች ነው የሚቆጠረው። ፒክአፑ ይታፈናል፣ ላይኛው ድምፅ ይሞታል። ከፊትህ የበራ ፔዳል ካለ ይህኛው ይቀላል፣ ምክንያቱም ፔዳሉ ራሱ ተቀብሎ በጠንካራ ድምፅ ያስተላልፍልሃል። ሁለተኛው ግን በፔዳሎችህ አይተካም፦ ስፒከሩ። የጊታር አምፕ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል። የሰርጉ ስፒከር ግን እስከ ላይ ድረስ ያወጣዋል፤ የፒኩ ጭረት፣ የገመዱ ፍትጊያ፣ የኦቨርድራይቩ አሸዋ ሁሉ ሰው ጆሮ ይደርሳል። ለዚህ በሰንሰለቱ መጨረሻ፣ ከሪቨርቡ በኋላ፣ አምፕና ካቢኔት (የስፒከሩን ሳጥን) የሚያስመስል ፔዳል ወይም ካቢኔት ሲሙሌሽን ያለው ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ይገባል። እሱ እስኪገኝ ተራ ዲአይ ቦክስ ተጠቀምና ሳውንድማኑን «የጊታሩን ላይኛውን ቀንስልኝ» በለው። ዲአዩ ላይ ያለችው የግራውንድ ሊፍት ማብሪያም «እምምም» ሲመጣ በደህና መንገድ የምትቆርጥልህ እሷ ናት።

ሚክሰር ላይ ስትሆን ታችኛውንም አስቀንስ። የወፍራሙ ገመድ ክፍት ድምፅ 82 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ቤዙና ከበሮው አሉ። ብቻህን ስትሰማው የቀጠነ የሚመስል ጊታር ከባንዱ ጋር ሲገባ ልክ ይሆናል፤ ብቻውን ወፍራም የሆነው ይሰምጣል። ባለሰባት ተንሸራታች ኢኩዋላይዘር፣ ለምሳሌ የቦስ ጂኢ 7፣ ብታገኝ ከኦቨርድራይቩ ቀጥሎ፣ ከኮረሱ በፊት አስገባውና 100 እና 200 ኸርዝ ያሉትን ጥቂት ዝቅ አድርግ። ለእኔ ይህ ለሪትም ጊታር ከኮረስም ከዲሌይም የበለጠ ይጠቅማል፣ ግን አያብለጨልጭም፣ ስለዚህ ማንም ስጦታ አድርጎ አይልከውም።

ስለ ኬብል ባጭሩ። ከጊታር እስከ መጀመሪያው ፔዳል ያለው ኬብል ነው ወሳኙ፤ በየሜትሩ 100 ፒኮ ፋራድ ያህል እየጨመረ ላይኛውን ድምፅ ይበላል። ከአምስት ሜትር አታስረዝመው። የሚዞር ዘፋኝ ይሁን፣ አንተ ቁም። ከፔዳል ወደ ፔዳል የሚያገናኙት አጫጭሮች ርካሽ ሲሆኑ ነው ከሁሉ ቀድመው የሚበላሹት፤ «ፔዳሉ ይቆራረጣል» ከማለትህ በፊት እነሱን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጋቸው።

ዋዋውን፣ በእግር እየተረገጠ ድምፁን «ዋ ዋ» የሚያሰኘውን ፔዳል፣ ጠይቀሃል። የድሮ የአዲስ አበባ ባንዶችን ቅጂ የሰማ ጊታሪስት ሁሉ ይመኘዋል፣ አልፈርድብህም። ግን አሁን በእጅህ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ግዛበት፤ ዋዋን እዚያ ትንኝ ላይ ብትጨምረው ትንኟን በእግርህ እያንቀሳቀስክ ትጫወታለህ። በኋላ ስትገዛው ከጊታሩ ቀጥሎ፣ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ሰካው። ኮምፕሬሰሩ የዋዋውን ከፍታ ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ ለሪትም ደግሞ ይህ ጥሩ ነው። ለሶሎ አፉን እንዲከፍት ከፈለግህ ሁለቱን አቀያይረህ ሞክር፤ የምትነቅለው ሦስት ኬብል ብቻ ነው።

አዳፕተሩን ገልብጠህ ያነበብከውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ የዲሌይህንና የሪቨርብህን ሚሊ አምፔርም ጨምርበት። የትኛው ፓወር ሰፕላይ እንደሚበቃህ ደምሬ እነግርሃለሁ።